አንድ ዘር፣ ብዙ ሽል

በካምፓላ፣ በናካሴሮ ኮረብታ ግርጌ ባለው ገበያ ብርቱካን፣ ሎሚና ማንጎ ጎን ለጎን ይሸጣሉ። ከብርቱካኑ አንድ ዘር አውጥታችሁ ቅርፊቱን በጥፍር ብትልጡ፣ እንደ ባቄላ ሁለት እኩል ክክ አታገኙም። አንዱ ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ የሆኑ፣ እርስ በርስ የተጣበቁ ብዙ ቁርጥራጮች ይታያሉ። በዚያች ዘር ውስጥ ያለው ሽል ከአንድ በላይ ነው፤ ብትዘሯትም ሁለት ሦስት ቡቃያ ልታወጣ ትችላለች። ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሊውንሁክ ይህንን የዘገበው እ.ኤ.አ. በ1719 ነበር።

የአበባ ብናኝ ከእንቁላሉ ጋር ሲዋሐድ ከአባትም ከእናትም የወረሰ አንድ ሽል ይፈጠራል። በብርቱካን ግን ይህን ሽል የከበበው ኑሴለስ የተባለው የእናቲቱ ክፍልም ሽል ያበቅላል። ከህዋሶቹ አንዳንዶቹ ተከፋፍለው ወደ ሽሉ ከረጢት ይዘልቁና ከመጀመሪያው ጋር በቦታና በምግብ ይሻማሉ። እነዚህ አባት የላቸውም፤ በባሕርይ ራሷ እናቲቱ ናቸው። ብዙ ጊዜ ተሸንፎ የሚቀጭጨውም አባት ያለው ሽል ነው።

ሁሉም ዝርያ እንዲህ አይደለም። ሎሚና ብርቱካን ብዙ ሽል ሲይዙ፣ ትርንጎ አንድ ብቻ ይይዛል። ከማንጎም የደቡብ ምሥራቅ እስያዎቹ በአብዛኛው ባለ ብዙ ሽል፣ የሕንዶቹ ባለ አንድ ሽል ናቸው። በሰፊው የሚታወቁት የማንጎ ዝርያዎች ኬንትና ቶሚ አትኪንስ ባለ አንድ ሽል ስለሆኑ፣ ዘራቸው ቢተከል የእናቱን ፍሬ ይሰጣል ተብሎ አይታመንም። የሚራቡትም ቀንበጣቸው በሌላ ችግኝ ላይ ተቀጥሎ ነው።

ባለ ብዙ ሽሉ ዘር ለችግኝ ጣቢያ ትልቅ ሀብት ነው። ቀንበጥ የሚቀጠልበት ሥር አንድ ወጥ ይሆናል፤ የብርቱካንን ዛፍ ከሚያጠቁ ቫይረሶችም ብዙዎቹ በዘር አይተላለፉም። ዕዳም አለው፦ ከዘር የበቀለ ብርቱካን እሾኻም ይሆናል፤ ለፍሬ እስኪበቃም ብዙ ዓመት ያስጠብቃል። አዲስ ዝርያ ለማውጣት የሚያዳቅል ተመራማሪም የሚፈልገውን ድቅል ከእናቲቱ ቅጂዎች መካከል ለይቶ ማውጣት ይቸግረዋል።

ስለዚህ ከአንድ ዘር ብዙ ቡቃያ ሲወጣላችሁ ለመንቀል አትቸኩሉ። ቅጠላቸውንና ቁመናቸውን አስተያዩ፤ የሚመሳሰሉትን ለያይታችሁ ትከሉ፣ ከሌሎቹ የተለየውንና የቀጨጨውን አስወግዱ። የምትወዱትን ፍሬ ያፈራችውን ዛፍ ዳግም ለማግኘት የሚቀርበው መንገድ በሚመሳሰሉት በኩል ነው።