ከ500ው አንዱ

ኤፍፒ1 የተባለው ሞተር ሳይክል በዓለም ላይ የተሠራው 150 ብቻ ነው። የታወቀው እንግሊዛዊ ተወዳዳሪ የካርል ፎጋርቲ ስም አለበት። ገንዘቡን ያወጣው የማሌዥያው የነዳጅ ኩባንያ ፔትሮናስ ነው። ባለ ሦስት ሲሊንደሩ 900 ሲሲ ኢንጂን ደግሞ መነሻው በፎርሙላ 1 የሚታወቀው የስዊዘርላንዱ ዛውበር ቤት ነው። ይህን የሰማ ሁሉ ሰብሳቢ የሚሻማበት ዕቃ ሊመስለው ይችላል። የሆነው ግን ሌላ ነው። አብዛኞቹ ገዢ አጥተው መጋዘን ውስጥ ዓመታት አሳለፉ፤ ቆይቶም የተረፉት ሞሞቶ በሚል ሌላ ስም ማሌዥያ ውስጥ ለገበያ ወጡ።

ታዲያ ገበያ የሌለውን ሞተር ማን 150 አድርጎ ይሠራል? መልሱ ያለው ነጋዴው ዘንድ አይደለም፤ የውድድሩ ደንብ ውስጥ ነው። በ1988 የተጀመረው የዓለም ሱፐርባይክ ሻምፒዮና (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) የቆመው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፦ ሜዳ ላይ የሚሮጠው ሞተር፣ ገንዘብ ያለው ሰው ሱቅ ገብቶ የሚገዛው መሆን አለበት። ፋብሪካ ለሁለት ነጂዎቹ ብሎ ሁለት ተአምረኛ ሞተር ይዞ መምጣት አይፈቀድለትም። ሊወዳደርበት የሚፈልገውን ሞተር አስቀድሞ በብዛት ማምረት፣ መብራትና የታርጋ ቦታ ገጥሞለት ለሕዝብ ማቅረብ፣ ከዚያ ማስመዝገብ አለበት። ለአንድ ሙሽራ ተብሎ ሰፈሩ በሙሉ ሱፍ ተሰፋለት እንደ ማለት ነው። የሚጠየቀው ቁጥር እንደ ዘመኑና እንደ ፋብሪካው አቅም ሲለዋወጥ ኖሯል። በቅርብ ዓመታት ደንብ አንድ ፋብሪካ ለምዝገባ ሲቀርብ 125 ሠርቶ ማሳየት፣ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ 250 ማድረስ፣ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ 500 መሙላት ይጠበቅበታል።

ከዚህ ደንብ የተወለዱ ሞተሮች ጠባያቸው ለየት ያለ ነው። ገዢውን ለማስደሰት አልተሠሩም። ገዢው ለእነሱ የመወዳደሪያ ፈቃድ ማግኛ ነው ቢባል ይቀላል። የያማሃው አር7 ይህን ከማንም በላይ ያሳያል። በ1999 ሲወጣ 500 ሆኖ ነው የወጣው፤ ደንቡ 500 ስላለ 500። ለአሜሪካ ያህል ሰፊ ገበያ የደረሰው 50 ነው። ቫልቮቹና ቢየላዎቹ ቲታኒየም ናቸው፤ ፊትና ኋላ የተገጠመለት አሞርዛተር የስዊድኑ ኦሊንስ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጉልበቱ ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 106 የፈረስ ጉልበት! ያኔ ያው ያማሃ አር1 የሚባለውን ሞተሩን በእጅጉ ባነሰ ዋጋ፣ 150 የፈረስ ጉልበት አስታጥቆ ለማንም ይሸጥ ነበር። እርግጥ አር1 1000 ሲሲ ነው፣ አር7 ደግሞ 749። ዋናው ምክንያት ግን ፋብሪካው አር7ን ለመንገድ ሲሸጠው ጉልበቱን ቆልፎበት መሆኑ ነው። መክፈቻው ለብቻው የሚገዛ የውድድር ዕቃ ነበር። ብዙ ገንዘብ አውጥቶ በጎረቤቱ ሞተር የሚቀደም ሰው ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። ያማሃ ግን ይህ አላስጨነቀውም፤ የሚፈልገው ምዝገባውን ነበር፣ አገኘውም።

ያገኘውም ብዙ አልጠቀመውም። ጃፓናዊው ኖሪዩኪ ሃጋ በ2000 በአር7 ለዋንጫው ተፎካክሮ ሁለተኛ ወጣ፤ ሻምፒዮን የሆነው በሆንዳ የሮጠው አሜሪካዊው ኮሊን ኤድዋርድስ ነው። በ2003 ባለ አራት ሲሊንደሮቹ 1000 ሲሲ እንዲሮጡ ሲፈቀድ 750ዎቹ ባንድ ጊዜ ጊዜያቸው አለፈ። ሻምፒዮንነት ሳያይ የቀረው አር7 ዛሬ ሰብሳቢ የሚፈልገው ሞተር ነው። ፋብሪካው በ2021 ይህንኑ ስም 689 ሲሲ ለሆነ፣ ዋጋው ለብዙ ሰው ለሚቀመስ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ሲሰጠው የድሮው ወዳጆች ማጉረምረማቸው አልቀረም። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ፤ ስም ሞልቶ ነበር።

የሆንዳው አርሲ30 ነገር ደግሞ ለየት ይላል። በ1987 የተዋወቀው ይህ ሞተር በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ በሺዎች ተሠርቷል። ከኤፍፒ1 ጋር ሲተያይ በቁጥር ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ በዚህ ስሌት ብርቅ አይባልም። ቢሆንም አሜሪካዊው ፍሬድ መርክል የመጀመሪያዎቹን ሁለት የሱፐርባይክ ዋንጫዎች፣ የ1988ንና የ1989ን፣ የወሰደው በእሱ ነው። ቀረብ ብሎ ላየው ሰው የኋላ ጎማው የተያዘው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ በሌላው ወገን ምንም የለም፣ ቸርኬው ራቁቱን ይታያል። ይህ ለውበት የመጣ አይደለም። በሃያ አራት ሰዓት ውድድር መሀል ጎማ የሚቀይረው መካኒክ አንዲት ትልቅ ዳዶ ፈትቶ ቸርኬውን እንዲነቅል ነው። ዛሬ አርሲ30 በየጨረታው የሚወጣው ከእሱ በቁጥር እጅግ ያነሱ ሞተሮች የማያገኙትን ዋጋ ነው። ገዢው የሚከፍለው ለድሉና ለአሠራሩ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም።

እስካሁን ያልኩት ስለ ሱፐርባይክ ነው። ከሱ በላይ ያለው ሞቶጂፒ ግን እንዲህ ዓይነት ግዴታ የለበትም። እዚያ የሚሮጠው ሞተር ለሕዝብ የማይሸጥ የሙከራ ዕቃ ነው፤ አንድም ቅጂ መሸጥ አያስፈልግም። ስለዚህ የሞቶጂፒ ቅጂ ለገበያ ሲወጣ ቁጥሩን የሚወስነው ፋብሪካው ራሱ ነው፤ ፈቅዶ፣ አስቦ፣ አትራፊነቱን አስልቶ።

የጣሊያኑ ዱካቲ ይህን በር ከፈተ። በ2004 ዴስሞሴዲቺ አርአር የሚባል፣ ከሞቶጂፒ ሞተሩ የተቀዳ፣ ባለ አራት ሲሊንደር 989 ሲሲ ሞተር እንደሚሸጥ አስታወቀ፤ ለገዢዎች መድረስ የጀመረው በ2007 መጨረሻ ግድም ነው። 1,500 ተሠራ፤ አሜሪካ ውስጥ የተቆረጠለት ዋጋ 72,500 ዶላር ነበር። የዱካቲን 999አር ቀድሞ ለገዛ ደንበኛ በወረፋው ቅድሚያ ተሰጠው። ያኔ የተሻማው ሁሉ ግን አላተረፈም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከተገዛበት ዋጋ በታች የተሸጡ ነበሩ፤ ሰርቪሱ ኪስ የሚያራቁት ነውና። የኋላ ጎማው 16 ኢንች ነው፤ ብሪጅስቶን ለዚሁ ሞተር ብሎ ያዘጋጀው ልክ ስለሆነ እንደ ሌላው ሞተር ጎማ ከየትም ሱቅ አይነሳም። ሞተሩ ብርቅ ሲሆን መለዋወጫውም አብሮ ብርቅ እንደሚሆን ብዙ ገዢ የሚገባው ጎማው ሲያልቅ ነው።

ሆንዳ በ2015 ያመጣው አርሲ213ቪ-ኤስ ከዚህም ይብሳል። ማርክ ማርኬዝ በ2013 እና በ2014 ሻምፒዮን የሆነበትን ሞተር ይከተላል። ኩማሞቶ ባለው ፋብሪካ በእጅ ነው የተገጣጠመው፤ ቁጥሩም ከጥቂት መቶዎች አላለፈም። የአውሮፓ ዋጋው 188,000 ዩሮ ነበር። ቫልቭ የሚዘጋው እንደ ውድድር ሞተሩ በአየር ግፊት ሳይሆን በተለመደው ሞላ ነው፤ ካምቢዮውም የተለመደው ዓይነት ነው። የአየር ግፊቱን ሥርዓት ቤቱ የሚንከባከብ ደንበኛ የለምና ይህ ያስማማል። ነገር የሚመጣው ጉልበቱ ላይ ነው። አውሮፓ ውስጥ 159 የፈረስ ጉልበት፣ አሜሪካ ውስጥ 101፣ በተሠራበት በጃፓን ደግሞ 70! ያው ሞተር፣ ያው ብረት፤ የየአገሩ የድምፅና የጭስ ሕግ ነው ያነቀው። ለሜዳ ብቻ የሚፈቀደውን ተጨማሪ ዕቃ የገዛ ከ215 በላይ ያገኛል። አንድ ጃፓናዊ 21.9 ሚሊዮን የን ከፍሎ፣ ማርኬዝን አስመስሎ፣ ባለ 70 የፈረስ ጉልበት ሞተር መንገድ ላይ ሲነዳ ሳስበው ሳቅ ይቀድመኛል። ቢሆንም ሠሪዎቹ እንዲህ ያለ ዕቃ በእጅ መገጣጠማቸውን አልንቅም።

ከዚህ በታች የሚመጡት ቁጥሮች እያደር ቀልዳቸው ይበዛል። ዱካቲ በ2022 ፍራንቼስኮ ባኛያ ሞቶጂፒን፣ አልቫሮ ባውቲስታ ሱፐርባይክን ሲያሸንፉለት ፓኒጋሌ ቪ4 የሚባለውን ሞተሩን በሁለቱ ሻምፒዮኖች ቀለም አስጊጦ፣ ፊርማቸውን አስፍሮ ለእያንዳንዳቸው 260 አወጣ። ጥሩ ሞተር ነው፤ የተሻሉ ዕቃዎችም ተጨምረውበታል። ሆኖም 260 ያለው የትኛውም ደንብ አይደለም፤ 300 ቢሉትም፣ 200 ቢሉትም ሞተሩ ያው ነው።

ዱካቲ ይህን ሙያ የለመደው ቀደም ብሎ ነው። የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪው ማይክ ሄይልውድ በ1978፣ ከ11 ዓመት መቅረት በኋላ፣ በ38 ዓመቱ ወደ አይል ኦፍ ማን ውድድር ተመልሶ በዱካቲ ሲያሸንፍ ፋብሪካው በ1979 በቀይና በአረንጓዴ የተቀባ «ሄይልውድ ሬፕሊካ» አወጣ። መጀመሪያ የታሰበው ወደ 200 ገደማ ነበር። ገበያው ሲደራ ግን እስከ 1986 ድረስ እየተሠራ ወደ 7,000 ደረሰ። በ2000 የመጀመሪያ ቀን ደግሞ ሄይልውድን የሚዘክረው ኤምኤች900ኢ በኢንተርኔት ብቻ ለሽያጭ ቀረበና የመጀመሪያው ዓመት ምርት በ31 ደቂቃ ውስጥ ተሽጦ አለቀ። በዚያ ዘመን ኢንተርኔት ምን ያህል ቀርፋፋ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው 31 ደቂቃ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ከሁሉም በላይ ግን የቁጥርን ጉዳይ የሚያወሳስበው የ1974ቱ ዱካቲ 750 ሱፐር ስፖርት ነው። ነገሩ የጀመረው ኤፕሪል 23 ቀን 1972 ኢሞላ ላይ ነው። የዱካቲው መሐንዲስ ፋቢዮ ታሊዮኒ ያዘጋጃቸው 750 ሲሲ ሞተሮች በታላላቆቹ ፋብሪካዎች ፊት አንደኛና ሁለተኛ ወጡ፤ ፖል ስማርት ቀድሞ፣ ብሩኖ ስፓጃሪ ተከትሎ። ስማርት ለዱካቲ እንዲሮጥ ጥያቄው ሲመጣ አሜሪካ ነበር፤ እሱን ወክላ እሺ ያለችው ባለቤቱ ማጊ ናት። የታሊዮኒ ኢንጂን «ዴስሞ» የሚባለው ነው፦ ቫልቩን የሚከፍት ጥርስ ብቻ ሳይሆን የሚዘጋም ጥርስ አለው፤ ሞላ ላይ አይተማመንም። ኢንጂኑ በኃይል ሲሽከረከር ሞላ እየዘገየ ቫልቭ እንዳያንሳፍፍ የተበጀ መላ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለገዢ የቀረበው ቅጂ 401 ሆኖ ተሠራ። ፍሬሙ አረንጓዴ ነው፣ የቀረው አካሉ ብርማ። የነዳጅ ታንከሩ ፋይበር ሲሆን በጎኑ ሳይቀባ የተተወ ቀጭን መስመር አለ፤ ነዳጁ የት እንደደረሰ በዚያ ይታያል፣ የነዳጅ ጌጅ አያስፈልግም። የፋይበሩ ሥራ በጥድፊያ የተሠራ ነበር፤ በአንዱ ታንከር ውስጥ ዝንብ ከነክንፏ ደርቃ መገኘቷን ወዳጆቹ ሲያወሩት ይኖራሉ። የዛሬው ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ደግሞ የድሮ ፋይበርን እያለሰለሰ ስለሚበላ ብዙ ባለቤት ታንከሩን በሌላ ቀይሯል። በውድድር የተሰባበሩም አሉ፤ ያኔ እንደ ቅርስ የሚያየው ሰው አልነበረማ። ስለዚህ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ኦሪጅናል ሆነው የቀሩት ከ401 ያንሳሉ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ኦሪጅናሉ እየቀነሰ ሲሄድ በዓለም ላይ ያለው «አረንጓዴ ፍሬም» ጨመረ። የዚያን ዘመን ተራ ዱካቲ ፍሬም አረንጓዴ ተቀብቶ፣ አዲስ ታንከር ተጭኖበት፣ ቁጥር ተመቶበት ብዙ ገንዘብ ያወጣል። ፋብሪካው ራሱ በ2006 ፖል ስማርት 1000 በሚል ስም 2,000 አዳዲስ ሞተሮችን በዚያው መልክ ማውጣቱ ከዚህ አይቆጠርም፤ እሱ ማንንም አላታለለም። በነገራችን ላይ እነዚያ 2,000ዎቹ ሲወጡ ቶሎ አልተሸጡም ነበር፤ ዋጋቸው የጨመረው ማምረቱ ከቆመ በኋላ ነው።

እንዲህ ላለ ሞተር ገንዘብ ለማውጣት የሚያስብ አንባቢ ቢኖር፣ ቢያንስ ውጭ አገር የሚኖር ወገን ሊያስብ ይችላልና፣ ምክሬ ይህ ነው። ቁጥሩን ያወጣው የውድድር ደንብ ነው ወይስ የሽያጭ ክፍል የሚለውን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ዋጋውን የሚያዘልቀው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ቀለሙንና ፊርማውን ለጊዜው ይርሳው። የሻንሲና የኢንጂን ቁጥሩን ራሱ ጎንበስ ብሎ ያንብብ፤ ከሊብሬው ጋር ያስተያይ፤ የተፋቀ ወይም ዳግም የተመታ ካለ ለይቶ ይመልከት፤ ከዚያ ለፋብሪካው ወይም የዚያን ሞተር መዝገብ ለያዘ ማኅበር ጽፎ መልስ እስኪመጣ ይጠብቅ። ሻጩ «ሌላ ገዢ ቆሞልኛል» ብሎ ካጣደፈው ለሌላው ይተውለት።