ዘር ይበልጣል ወይስ እምነት? የሚያነጋግረውን ኮምፒውተር ስለ እስልምና ስንጠይቅ



በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ጉዳይ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ የያዘ ነው። አንደኛው በዕብራይስጥ ቢና መላኹቲት፣ በአማርኛ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው፣ የጻፉለትን ጥያቄ ተቀብሎ እንደ ሰው መልስ የሚሰጠው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው ስለ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሃይማኖት ብዙ ሰው የሚያነሳው ጥያቄ ነው። ይኸውም፣ በእስልምና ዐረብ የሆነ ሰው ዐረብ ካልሆነው ይበልጣል ወይ? ጥቁር ሙስሊምስ ከሌላው እኩል ይቆጠራል ወይ? የሚል ነው።

ሁለቱን ለምን አገናኘናቸው? ምክንያቱ በየቤታችን ያለ ነው። አገር ውስጥ አዲስ በገባ ቤተሰብ ቋንቋውን ቀድመው የሚይዙት ልጆች ናቸው። ልጅ በአውቶቡስ፣ በገበያ፣ በሥራ ቦታ ከሙስሊም ጋር ይገናኛል። ጥያቄ ሲያድርበት ስልኩን ያወጣና ይጠይቃል፤ መልሱም ወዲያው ይመጣለታል። ወላጅ ግን መልሱ ልክ ይሁን አይሁን የሚያጣራበት መንገድ የለውም። ስለ ጎረቤት እምነት በአንድ ደቂቃ የተያዘ ሐሳብ ደግሞ ዕድሜ ልክ አብሮ ሊኖር ይችላል። አባቶቻችን ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዳሉት፣ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ከእነዚህ ፕሮግራሞች በጣም የታወቀው ቻት ጂፒቲ ለሕዝብ የቀረበው በኖቬምበር 2022 ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ብዙ ወጥተዋል። ሥራቸው ተመሳሳይ ነው። ስፍር ቁጥር የሌለው ጽሑፍ ይመገባሉ፤ ከዚያ ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚገባው እያሰሉ መልስ ያዘጋጃሉ። መሣሪያው አይሰግድም፣ አይጾምም፣ ጎረቤትም የለውም። ሌሎች የጻፉትን አዋህዶ ያቀርባል እንጂ።

ስለዚህ ሦስት ድክመቶቹን ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው፣ ወደ ጠያቂው ማዘንበሉ ነው። "እስልምና ዘር አይለይም፣ አይደለም?" ብላችሁ ብትጠይቁት አዎን ወደማለት ያደላል። "እስልምና ዐረብን የሚያስቀድም ሃይማኖት ነው፣ አይደለም?" ብትሉትም እንደዚሁ ለእናንተ የሚስማማ ነገር ሊያገኝ ይሞክራል። ሁለተኛው፣ አንዳንድ ጊዜ የሌለ መጽሐፍና የሌለ የምዕራፍ ቁጥር አሳምሮ መጥራቱ ነው። ሦስተኛው፣ በአማርኛ የተጻፈ ብዙ ስላልተመገበ በአማርኛ ሲጠየቅ ይበልጥ መሳሳቱ ነው።

በጽሑፍ ያለው ምንድን ነው?

አሁን ወደ ጥያቄው እንግባ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በቁርኣን 49ኛው ምዕራፍ ቁጥር 13 ላይ ያለው ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሰዎች ሁሉ ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት ተገኙ፤ በሕዝብና በነገድ የተከፋፈሉትም እንዲተዋወቁ ነው፤ በአምላክ ፊት የከበረው ይበልጥ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ነው። የሙስሊሞች ነቢይ መሐመድም በ632፣ በመጨረሻው የሐጅ ጉዟቸው ወቅት፣ ዐረብ ዐረብ ካልሆነው፣ ነጭም ከጥቁር በፈሪሃ አምላክ ካልሆነ በቀር እንደማይበልጥ መናገራቸው ተዘግቧል።

እዚህ ላይ መሣሪያውን መፈተን ይቻላል። "ይህ ቃል የት ተጻፈ?" ብላችሁ ጠይቁት። ቃሉ የሚገኘው በ855 ያረፉት አሕመድ ኢብን ሐንበል ባሰባሰቡት የሐዲስ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ኢብን ኢስሐቅ የጻፉት ጥንታዊው የነቢዩ ታሪክ የስንብት ንግግሩን በሰፊው ቢያቀርብም ይህ ቃል በዚያ የለበትም። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያቀርብ መልስ ብታገኙ፣ መሣሪያው ሰው ሲያቀላቅል የኖረውን ደግሞ ማቀላቀሉ እንደሆነ ዕወቁ።

የቢላል ነገር

ስለዚህ ጉዳይ ሲጠየቅ መሣሪያው መጀመሪያ የሚጠራው ስም ብዙውን ጊዜ ቢላል ነው። ቢላል ለእኛም ቅርብ ነው፤ እናቱ ሐበሻ ነበረችና። በመካ ባሪያ ሆኖ ተወለደ። አዲሱን እምነት በመቀበሉ ጌታው በጠራራ ፀሐይ ደረቱ ላይ ድንጋይ እያስጫነ አሠቃየው። በኋላ አቡ በክር ገዝቶ ነፃ አወጣው። ሙስሊሞችን ወደ ጸሎት የሚጠራውን ድምፅ፣ አዛንን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰማ እርሱ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ገና በ615 ገደማ በመካ የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች መጠጊያ ያገኙት በአክሱም ንጉሥ ዘንድ እንደነበር ሙስሊሞች ሁሉ ያስታውሳሉ። ንጉሡን ነጃሺ ይሉታል።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አያልቅም። ቡኻሪ በሰበሰቡት ሐዲስ ውስጥ አቡ ዘር የተባለ የነቢዩ ባልደረባ አንድን ሰው በእናቱ እንደ ሰደበው ተጽፏል። ነቢዩ ገሠጹት፤ ከእስልምና በፊት የነበረው የድንቁርና ዘመን ጠባይ ገና እንዳልለቀቀው ነገሩት። የቡኻሪ ጽሑፍ የተሰደበውን ሰው ስም አይጠራም፤ ሌሎች ዘገባዎች ግን ቢላል ነበር ይላሉ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የዘር ስድብ በነቢዩ ባልደረቦች መካከል እንኳ ነበረ። ተግሣጹም የመጣው ከዚያው ከእምነቱ ውስጥ ነው። አንዱን ብቻ ይዞ ሌላውን የሚተው መልስ ግማሽ መልስ ነው።

አራት ቦታ ለይተን እንየው

"እኩል ናቸው ወይ?" የሚለው ጥያቄ በአንድ ቃል አይመለስም። በጸሎት፣ በትምህርት፣ በግብርና ሥልጣን፣ በጋብቻ እየለየን ብናየው ይገባናል።

በጸሎት፦ በመስጊድ ሰው ሁሉ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ በአንድ ረድፍ ይቆማል። በሐጅ ጊዜም ሀብታሙም ድኻውም ያልተሰፋ ሁለት ነጭ ጨርቅ ይለብሳል። እኩልነቱ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው እዚህ ነው። የሚጸለይበት ቋንቋ ግን ዐረብኛ ነው። ከአምስት ሙስሊሞች አራቱ ያህል ዐረብ አይደሉም፤ ብዙዎቹም የሚያነቡትን ቃል በትርጉም ነው የሚረዱት። የቄሶቻችንን የግዕዝ ጸሎት እየሰማን አድገን እዚህ ደግሞ በዕብራይስጥ ሲዱር ፊት የቆምን ሰዎች፣ ቋንቋው የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው ለእግዚአብሔር የቀረበ መስሎ ሲታይ ምን እንደሚሰማ እናውቃለን።

በትምህርት፦ እዚህ ዕውቀት ዘርን አሸንፏል። በመካ የሃይማኖት ጥያቄ ይመልሱ ከነበሩት ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ፣ በ730ዎቹ መጀመሪያ ያረፉት አጣ ኢብን አቢ ረባሕ፣ ጥቁር የነበሩና ከነፃ ወጡ ባሪያዎች ወገን የሚቆጠሩ ነበሩ። ከአራቱ የሱኒ የሕግ ትምህርት ቤቶች የአንዱ መሥራች የሆኑት፣ በ767 ያረፉት አቡ ሐኒፋ ዘራቸው ከፋርስ ወገን ነው። ቡኻሪም ስማቸው እንደሚያመለክተው ዛሬ ኡዝቤኪስታን ውስጥ ካለችው ከቡኻራ ከተማ ናቸው።

በግብርና በሥልጣን፦ የኡመያ ነገሥታት ከ661 እስከ 750 ሲገዙ፣ ዐረብ ያልሆነ ሰው ቢሰልም በአንድ ዐረብ ነገድ ጥላ ሥር መጠጋት ነበረበት። እንዲህ ያሉት ሰዎች መዋሊ ይባሉ ነበር። በኢራቅ አገረ ገዢው ሐጃጅ፣ ሰልመው ወደ ከተማ የገቡትን ገበሬዎች ወደ መንደራቸው መለሳቸው፤ ሙስሊም ያልሆነ ሰው የሚከፍለውን ግብርም አስከፈላቸው። ከ717 እስከ 720 የነገሠው ዑመር ኢብን አብዱል አዚዝ የሰለመ ሰው ይህን ግብር እንዳይከፍል አዘዘ። ቅሬታው ግን አልበረደም፤ በ750 ኡመያዎችን የጣለው ንቅናቄ ከመዋሊዎች ብዙ ደጋፊ አግኝቶ ነበር። ስለ ሥልጣንም ብዙዎቹ የሱኒ ሊቃውንት ኸሊፋው ከነቢዩ ነገድ ከቁረይሽ መሆን አለበት ይሉ ነበር። ኸዋሪጅ የሚባሉት ግን ጥቁር ባሪያም ቢሆን ደግ ሰው ከሆነ ይገባዋል አሉ። በመጨረሻ የኸሊፋነቱን ስም እስከ 1924 ይዘው የቆዩት ዐረብ ያልሆኑት የኦቶማን ቱርኮች ናቸው።

በጋብቻ፦ ዘር እጅግ የጠነከረው እዚህ ነው። የሕግ ሊቃውንት ከፋአ የሚሉት ነገር አለ፤ ባል ከሚስት ወገን በማዕረግ የማያንስ ይሁን ማለት ነው። የሐነፊ ትምህርት ቤት ዘርንም ይቆጥራል፤ በዚያ ሕግ መሠረት ዐረብ ያልሆነ ወንድ ከዐረብ ሴት ጋር እኩያ አይባልም። በ795 ያረፉት ኢማም ማሊክ ግን ዋናው ሃይማኖት ነው ብለው ያዙ። እንግዲህ አንዱ ሊቅ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ሲል "እስልምና እንዲህ ይላል" ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚዘጋ መሣሪያ ያጎደለው ነገር እንዳለ መረዳት አለብን።

ዛሬ በአካባቢያችን

እዚሁ እስራኤል ውስጥ ሁለት ምሳሌ አለ። በኢየሩሳሌም አሮጌው ከተማ፣ ከአል አቅሳ መስጊድ በር አጠገብ፣ የአፍሪካ ሙስሊሞች ሰፈር ይገኛል። የብዙዎቹ አባቶች ከቻድ፣ ከናይጄርያ፣ ከሴኔጋልና ከሱዳን ለመሳለም መጥተው የቀሩ ናቸው። በነጌብ ደግሞ ጥቁር ቤዱዊኖች አሉ፤ ብዙዎቹ የቀድሞ ባሪያዎች ዘር ናቸው። ሁሉም የሚጸልዩት አንድ ጸሎት ነው፤ በጋብቻ ጊዜ ግን የዘር ጥያቄ ይነሳል። በዐረብኛ "ዐብድ" ማለት ባሪያ ነው። "የአምላክ ባሪያ" ሲባል የክብር ስም ይሆናል፤ አብደላ የሚለው ስም ከዚህ የመጣ ነው። ያው ቃል በመንገድ ላይ ለጥቁር ሰው ሲወረወር ግን ስድብ ነው። ባርነት በሕግ የተከለከለው በኢትዮጵያ በ1942፣ በሳዑዲ ዐረቢያ ደግሞ በ1962 በመሆኑ ትዝታው ገና ሩቅ አይደለም።

ይህን የተቃወሙ ሙስሊሞች ከጥንት ጀምሮ ነበሩ። በ9ኛው መቶ ዓመት የባስራው ጸሐፊ ጃሒዝ ስለ ጥቁሮች ክብር መጽሐፍ ጽፏል። በ1505 ያረፈው የግብፁ ሊቅ ሱዩጢም ስለ ሐበሾች ማዕረግ ጽፏል።

ጉዳዩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1973 ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ከወሰኑ በኋላም፣ ወገኖቻችን እንደ ተጠራጣሪ ተቆጥረው የመጥለቅ ሥርዓት እንዲፈጽሙ በመጠየቃቸው፣ በ1985 በኢየሩሳሌም ለሳምንታት ተቀምጠው አቤት ብለዋል። በወረቀት መታወቅና በደጅ መግባት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እኛ ከማንም የበለጠ እናውቃለን። በራሳችን ላይ ሲሆን ቅር ያሰኘንን የጅምላ ፍርድ በጎረቤታችን እምነት ላይ እንድንፈርድ አይገባም።

እንዴት እንጠይቅ?

ልጆቻችሁ መሣሪያውን ሲጠይቁ አጠገባቸው ተቀመጡና እነዚህን አራት ነገሮች አስተምሯቸው።

1ኛ፣ መልሱ በጥያቄው ውስጥ እንዳይገባ ያድርጉ። "አይደለም ወይ?" ከማለት ይልቅ "ምን ምን አስተያየቶች አሉ?" ይበሉ።

2ኛ፣ ጥያቄውን በሦስት ይክፈሉት። ቅዱስ መጽሐፉ ምን ይላል? የሕግ ሊቃውንት ምን ወሰኑ? ሰዎች በተግባር ምን አደረጉ?

3ኛ፣ "የት ተጻፈ?" ብለው ይጠይቁ፤ የተሰጣቸውንም ምዕራፍና ቁጥር በመጽሐፍ ወይም በሚያውቅ ሰው ያረጋግጡ።

4ኛ፣ ያንኑ ጥያቄ ገልብጠው ደግመው ይጠይቁ። ሁለቱ መልሶች ከተጣሉ መሣሪያው ጠያቂውን ተከትሎ እንደሄደ ያውቃሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀር አንድ ነገር አለ። መሣሪያው ጥቅሱን ሊነግራችሁ ይችላል። አንድ ጥቁር ሙስሊም በረድፉ ሲቆም ምን እንደሚሰማው፣ ልጁን ለመዳር ሲሄድ ምን እንደሚባል ግን የሚያውቀው ያ ሰው ራሱ ነው። አብሯችሁ የሚሠራ ወይም በጎረቤት የሚኖር ሙስሊም ካለ፣ በአክብሮት ጠይቁት። እርሱም ስለ እናንተ የሚጠይቀው አይጠፋም።