ሥሩ የተሰነጠቀ ጥርስ ስለ ማስነቀል

በሐይቅና በአምባሰል አገር ቆሎ ሲቈረጠም ጠጠር ቢገኝበት ጥርስ ይሰነጠቃል። ከላይ የሚታየው ብቻ ቢሸረፍ ሐኪም ሊጠግነው ይችላል፤ ስንጥቁ ቁልቍል በሥሩ የወረደ እንደ ሆነ ግን እንደ ዐጥንት ስብራት አይገጥምም። ተሐዋስያን በስንጥቁ እየገቡ መንጋጋው ያመግላል። ሕመሙ አንዳንድ ጊዜ ጋብ ስለሚል ሰው የዳነ ይመስለዋል።

እንዲህ ያለውን ጥርስ በመንደር በጕጠት መጐተት ክፉ ነው፤ አናቱ ተቈርጦ ሥሩ ከውስጥ ይቀራልና። የጥርስ ሐኪም አስቀድሞ በራጅ ያየዋል። (ይህን ጨረር ጀርመናዊው ሮንትገን ያገኘው በዐድዋው ዓመት፥ በ1888 ዓ.ም. ነው።) ከዚያም በመርፌ አደንዝዞ፥ ቢያስፈልግ ድዱን ከፍቶ፥ ሥሩን ከፋፍሎ ያወጣዋል። በሽተኛው መገፋቱ ይሰማዋል እንጂ ሕመሙ አይሰማውም።

ከተነቀለ በኋላ ንጹሕ ፋሻ ግማሽ ሰዓት ያህል ነክሶ መቈየት ነው። በጕድጓዱ የረጋው ደም የቍስሉ ክዳን ስለ ሆነ፥ እስከ ማግሥቱ ድረስ አፍን መጕመጥመጥም ትንባሆ ማጤስም አይገባም።

ፊቱ ያበጠና መዋጥ ወይም መተንፈስ የቸገረው ሰው ግን የገበያ ቀን ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ከሐይቅ እስከ ደሴ መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።