የፒካፑ ሞተር ከማን ቤት መጣ?

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ፒካፕ ይዞ ለመኖር ልደታ ማርያም አካባቢ ከብዙ ሰፈር ይሻላል። ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ተክለ ሃይማኖት ሽቅብ ቢሉ የመኪና ዕቃ መሸጫው ሶማሌ ተራ ሩቅ አይደለም፤ አለፍ ሲሉ መርካቶ ነው፤ ወደ ሜክሲኮ አደባባይ ቢዞሩ ደግሞ የስንቱ መካኒክ መነሻ የሆነው የተግባረ ዕድ የሙያ ትምህርት ቤት አለ። እንዲህም ሆኖ «የዚህ መኪና ዕቃ ከገበያ ጠፍቷል» የሚል እሮሮ ከጋራዥ በር አይታጣም። እኔ አላምነውም። ዕቃው አለ፤ የከፋው አጠያየቃችን ነው።

የማወራው ስለ ቶዮታ ሃይሉክስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ጃፓን ውስጥ መሠራት ስለጀመረው፣ በእኛ አገር እህል፣ ሲሚንቶ፣ በግና ሙሽራ ሲያመላልስ ስለኖረው ፒካፕ። አዲስ አበባ ለፒካፕ ውለታ አለባት። በደርግ ዘመን ውይይት ታክሲ የሚባለው ከኋላው ጣሪያና አግዳሚ ወንበር የተገጠመለት ፒካፕ አልነበረም? ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ፣ ጉልበት ለጉልበት ተገፋፍቶ ነበር የሚሄደው። ዛሬ ግን «አሮጌ ብረት» ብለን እናልፈዋለን።

ሞተሮቹን በአጭሩ ልበል። የድሮው ቤንዚን 12አር የሚባለው 1.6 ሊትር ነው። ከዚያ በኋላ የናፍጣው የኤል ቤተሰብ መጣ፦ ኤል 2188 ሲሲ፣ 2ኤል 2446፣ 3ኤል 2779፣ 5ኤል 2986። ቱርቦም ኮምፒውተርም የሌላቸው፣ መፍቻ ይዞ የሚቀርብ ሁሉ የሚግባባቸው ሞተሮች ናቸው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ። ዕቃ መደብር ገብቶ «የ86 ሞዴል ሃይሉክስ» ብሎ ዕቃ መጠየቅ ምን የሚሉት ልማድ ነው? ሊብሬ ላይ የተጻፈው ዓመት የሚነግረን መኪናው መቼ እንደተሠራ ነው። ሞተሩ ግን መኪናው ላይ ስለተወለደ ብቻ እዚያው አይኖርም። ባለፉት አሠርት ዓመታት ስንቱ ፒካፕ ከተገለበጠ ሃይሩፍ፣ ከታረደ ሚኒባስ ሞተር ወስዷል! የኤል ቤተሰብ እኮ የሃይሉክስ ብቻ አይደለም፤ ከተማችንን ሲያመላልሷት የኖሩት ሰማያዊና ነጭ ሃይኤስ ታክሲዎችም የሚሄዱበት ሞተር ነው። እንዲያውም የአሮጌ ፒካፕ ዕቃ እስከ ዛሬ ያልጠፋው ለታክሲዎቹ ሲባል ይመስለኛል።

አንድ ቀን አንድ ዕቃ ሻጭ ሽማግሌ ዘንድ ቆሜ ሳለሁ አንድ ወጣት ሾፌር ሊብሬውን ይዞ ገባ።

«ጋሼ፣ የ86 ሃይሉክስ የቴስታታ ጓርኒሲዮን አለ?»

«ሞተሩ ምንድን ነው ልጄ?»

«ሃይሉክስ ነው አልኩዎት እኮ።»

«እሱንማ ሰማሁ። ብሎኩ ላይ ምን ተጽፏል ነው የምልህ።»

ልጁ እያጉረመረመ ወጣ። ደጅ የቆመውን መኪና ኮፈን ከፍቶ፣ የብሎኩን ጎን በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ጠርጎ ቢያይ ቁጥሩ የሚጀምረው በ3ኤል ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ 3ኤል ገና ገበያ ላይ አልነበረም። እንዳሰበው የ2ኤል ጓርኒሲዮን ገዝቶ ቢሄድ ኖሮ? የ2ኤል ሲሊንደር ስፋት 92 ሚሊሜትር ነው፤ የ3ኤል 96። ጠባቡ ጓርኒሲዮን ሰፊው ሲሊንደር ላይ ሲገጠም ጠርዙ ወደ እሳቱ ይገባና ይቃጠላል። ከዚያ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ተብሎ ሻጩ ይሰደባል።

2ኤል ራሱም ሁለት ዓይነት ነው። የቀድሞው ቫልቩን የሚጫነው በሮከር አርም ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያ የመጣው ግን ካምሻፍቱ በቀጥታ ቫልቩ አናት ላይ ያለውን ኩባያ እንዲጫን ተደርጎ ተሠራ። ብሎኩ ላይ ሁለቱም 2ኤል ናቸው፤ የቴስታታቸው የውስጥ ዕቃ ግን አይቀያየርም። ስለዚህ ቁጥሩን ማንበብ ባይበቃ የቴስታታውን ክዳን ከፍቶ ማየት ነው። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሶማሌ ተራን ስንዞር ከምንውለው ቀን አይበልጥም።

የዕቃ ቁጥርም የሚናቅ አይደለም። ቶዮታ ዕቃውን የሚጠራው በአምስት አሃዝ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ደግሞ በአምስት አሃዝ ነው። የመጀመሪያው አምስት የዕቃውን ዓይነት ይናገራል፦ 13011 ፋሻ ነው፣ 13101 ፒስቶን፣ 11115 የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ 16100 የውሃ ፖምፓ። ከሰረዙ በኋላ ያለው ዕቃው የየትኛው ሞተር እንደሆነ ያሳያል፤ ለኤል ቤተሰብ በብዛት በ54 ይጀምራል። ዘይት የሚያግደው ጎማ ቁጥሩ 90311 ከሆነ ደግሞ ከሰረዙ ቀጥሎ ያሉት ሁለት አሃዞች የዘንጉን ውፍረት በሚሊሜትር ይሰጡናል። ኩሽኔታማ ከዚህም ይቀላል፤ አገርም ፋብሪካም አይለይም። 6205 የተጻፈበት ኩሽኔታ የትም ቢሠራ ውስጡ 25፣ ውጭው 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊሜትር ነው። የዲናሞ ኩሽኔታ «ለሃይሉክስ የሚሆን» ብለው ሲፈልጉ የሚከርሙ ሰዎች አጋጥመውኛል። ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተጽፎ!

ሁሉም ዕቃ ደግሞ በአዲስ አይተካም። የሞተሩ ኮሎ (ክራንክሻፍት) ሲበላ አዲስ ኮሎ መፈለግ ግድ አይደለም። የተበላው ቦታ በማሽን ተልጎ ይስተካከላል፤ በቀጠነው ልክ ወፈር ያለ ብሮንዚና ይገዛል። ብሮንዚናው 0.25፣ 0.50፣ 0.75 እየተባለ የሚሸጠው ለዚህ ነው። ተለክቶ ይገዛ እንጂ ብሮንዚና በሞረድ ፍቆ ማስገባት፣ ከሥሩም ቆርቆሮ መደርደር ሥራ አይባልም። ቶርኖ ቤት ቡሽ፣ ፒን፣ ፑሌ፣ የተበላ ጥርስ ይሠራልን፤ ቫልቭና የቢየላ ብሎን ግን አናሠራ። የብረቱ ዓይነትና ጥንካሬው በዓይን አይታይም፤ ሲበጠስ ደግሞ ብሎኩን በስቶ ነው የሚወጣው። ሲሊኮን በጓርኒሲዮን ቦታ እንደ ቅቤ የሚለቀልቁም አሉ። የተረፈው ተቆርሶ የዘይት መተላለፊያ እንደሚዘጋ ማን በነገራቸው።

ቴስታታ የሚሰነጠቀው ለምን እንደሆነ ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል፤ ውድ ሆኖ የሚፈለግ ዕቃ ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይደርስ፣ 92 ግድም ነው። ሞተሩ ደግሞ በደህናው ቀን ከ80 ዲግሪ በላይ ሞቆ ነው የሚሠራው። በመካከል ያለችውን ጠባብ ልዩነት የምታሰፋልን የራዲያተር ክዳን ናት፤ እንፋሎቱን አምቃ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ትከለክላለች። ጎማዋ የደረቀ፣ ሞላዋ የሰለለ ክዳን ይዞ ዳገት መውጣት ቴስታታ ጥዶ መቀቀል ነው። ከመኪናው ርካሽ ዕቃዎች አንዷ እሷ ናት፤ ከሁሉም ኋላ የምትቀየረውም እሷው ናት። የታይሚንግ ቺንጋም እንዲሁ ነው፤ በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር ካልተቀየረ ተበጥሶ ቫልቭ ያጣምማል። የተገዛው መኪና ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ከሌለ ያልተቀየረ ነው ብሎ መነሳት ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለአሮጌ መኪና ለምን? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ እጃችን ላይ ያለውን አሮጌ ፒካፕ ማቆየት ያዋጣል። ሞተር ስትቀይሩ ሊብሬው ላይ አስመዝግቡ፤ በዓመታዊ ምርመራም ከመጨቃጨቅ ያድናል፤ ነገ ለሚገዛችሁም ሰው ደግነት ነው። ዕቃ ፍለጋ ስትወጡ የሞተሩን ቁጥር ጻፉ፣ የተፈታውን አሮጌ ዕቃ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ። አዲሱ ተገጥሞ ሞተሩ እስኪሠራ ድረስም አሮጌውን ለቆራሌው አትስጡ።