ባንድ ለሌለው ስደተኛ፦ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቅንብር ከየት ይጀመራል?

ስደት የፖለቲካ ድርጅት ብቻ አይበትንም፤ ባንድም ይበትናል። ድርጅት ሲሰነጠቅ ሁለቱም ወገን መግለጫ ያወጣል፤ እኛም ለሳምንታት እንነታረክበታለን። ባንድ ሲበተን ግን መግለጫ የሚያወጣ የለም። ድራም መቺው ዳላስ ይቀራል፣ ቤዝ ተጫዋቹ ፍራንክፈርት ይገባል፣ ሳክስፎን ነፊው ሁለት ፈረቃ እየሠራ መሣሪያውን አልጋ ሥር ያስቀምጣል። ሙዚቃው ዝም ይላል።

ውጤቱን በየአዳራሹ እናየዋለን። ስብሰባችንም፣ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ምሽታችንም፣ ሰላማዊ ሰልፋችንም ብዙውን ጊዜ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት በተቀዳ ዘፈን ተከፍቶ በዚያው ይዘጋል። ዘፈኖቹ የምንወዳቸው ናቸው፤ ጥፋት የለባቸውም። ሆኖም ስለ ዛሬው ኑሮው የሚናገርበት የራሱ ድምፅ የሌለው ማኅበረሰብ በሌላ ዘመን ድምፅ ሲተክዝ ይኖራል። እዚህ ያደጉት ልጆቻችን ደግሞ ላፕቶፕ አላቸው፤ ምት መደርደርም ይችላሉ። የሚደረድሩት ግን በአብዛኛው ማሽኑ አዘጋጅቶ ያቀረበላቸውን ነው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለእነዚህ ወጣቶችና ክራራቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ለተቀመጡ ታላላቆቻቸው ነው። መልእክታችን አጭር ነው። ማሽኑ አንድን ስደተኛ ባለ ሙሉ ባንድ ሊያደርገው ይችላል፤ ቅኝቱንና ምቱን ራሳችን ካልነገርነው ግን የሚጫወተው የሰው ዘፈን ነው።

ከዛር ቤት የተነሣ ታሪክ

"ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የፈረንጅ ነገር ነው" የሚሉ ወገኖች አሉ። ታሪኩ ግን እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሃሊም ኤል ዳብ የተባለ ግብፃዊ ወጣት በካይሮ ከአንድ ራዲዮ ጣቢያ በሽቦ ላይ የሚቀዳ የድምፅ መቅጃ ተውሶ የሴቶች የዛር ሥርዓት ወደሚካሄድበት ቦታ ሄደ። የቀዳውን ድምፅ ስቱዲዮ ውስጥ አስገብቶ ገሚሱን እየቀነሰ፣ የገደል ማሚቶ እየጨመረ፣ ከዋናው ድምፅ ጀርባ ያለውን ጥላ ብቻ አስቀርቶ አዲስ ሥራ ሠራበት። በፓሪስ ፒየር ሼፈር በዚህ ዓይነት ሥራ ስሙ የተጠራው ከአራት ዓመት በኋላ በ1948 ነው። ብዙ አጥኚዎች የዛርን መነሻ ከኢትዮጵያ ጋር እንደሚያያይዙት አንባብያን ያውቃሉ።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ይኸው ሰው በአሜሪካ በኮሎምቢያና ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ከሠራ በኋላ በ1962 አዲስ አበባ መጣ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። በየክፍለ ሀገሩ ለየብቻ ይደመጡ የነበሩት ክራር፣ በገና፣ ማሲንቆና ዋሽንት በአንድ መድረክ ላይ ተሰለፉ። ከዚህ ሰው ጀማሪ የሚማረው አንድ ቁም ነገር አለ፤ ሥራው የተጀመረው ከማሽኑ ሳይሆን ከማዳመጥና ከመቅዳት ነው።

ከሌሊት ክለብ ወደ ታክሲ

ሁለተኛው ምሳሌያችን የራሳችን ስደተኛ ነው። ዋልያስ ባንድ የአዲስ አበባ ሒልተን ባንድ ነበር። ደርግ በ1974 ሥልጣን ከያዘ በኋላ የመጣው የሰዓት እላፊ የከተማዋን የሌሊት ሙዚቃ ሲያፍነው እነርሱ በሆቴሉ ውስጥ ሙያቸውን ይዘው ቆዩ። በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ ወደ አሜሪካ መጡ፤ ከአባላቱ ገሚሱ ተመለሰ፣ ገሚሱ ቀረ። ከቀሩት አንዱ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ነው።

ኃይሉ በ1985 በዋሽንግተን አካባቢ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። አኮርዲዮን፣ ሮድስ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ በዘመኑ አዲስ የነበረው ያማሃ ዲኤክስ 7 እና ምት የሚመታ ማሽን፤ ባንዱ ይኸው ነበር። "ሸሞንሟናዬ" የተባለው ይህ ካሴት የድሮ ዜማዎችን በማሽን ላይ ያስቀመጠ ነው። ከዚያ በኋላ ሰውየው ለረጅም ዓመታት ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ሲነዳ ኖረ። ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ ደንበኛ በሚጠብቅበት ሰዓት ይለማመድ ነበር። ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶት በ2013 እንደገና ሲታተም ኃይሉ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 "ላላ በሉ" የተባለ አዲስ አልበምም አወጣ።

ልብ በሉ፤ ማሽኑ ባንዱን አልተካውም። ባንድ በሌለበት ጊዜ ዜማው እንዳይሞት አቆየው። ቅኝቱን ከማሽኑ አልተቀበለም፤ ለማሽኑ ሰጠው እንጂ።

ለመጀመር ምን ያስፈልጋል?

ጀማሪ የሚሳሳተው ዕቃ በመግዛት ነው። የመጀመሪያው ዘፈን ሳያልቅ ቤቱ በሽቦ ይሞላል። በእኛ አስተያየት ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የሚበቃው አሁን በእጅ ያለው ኮምፒውተር፣ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ደህና የጆሮ ማዳመጫና አንድ የማቀናበሪያ ፕሮግራም ነው። አቅም ካለ 25 ቁልፍ ያላት ትንሽ ኪቦርድ ትጨመራለች። ድምፅና መሣሪያ ለመቅዳት ጊዜው ሲደርስ ማይክሮፎንና ማይክሮፎኑን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ይገዛል።

ፕሮግራሙ በነፃ ይገኛል። የአፕል ኮምፒውተር ያለው ሰው ጋራጅባንድን ያለ ክፍያ ይጠቀማል። በዊንዶውስና በሊኑክስ ኤልኤምኤምኤስ ነፃ ነው፤ ለመቅዳትና ለመቁረጥ ኦዳሲቲ አለ። ሪፐር የተባለው ፕሮግራም ለ60 ቀን ተሞክሮ ለግለሰብ በ60 ዶላር ይገዛል። ኤብልተን ላይቭና ኤፍ ኤል ስቱዲዮ በሙያተኞች ዘንድ የታወቁ ናቸው፤ እነሱንም ከመግዛት በፊት መሞከር ይቻላል።

እዚህ ላይ ለእንደ እኛ ዓይነቱ አንባቢ ልዩ ማሳሰቢያ አለን። የተሰረቀ ፕሮግራም "በነፃ" ከሚያድሉ ገጾች አታውርዱ። በ2014 በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ በውጭ የሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች በስለላ ሶፍትዌር መታደናቸውን አጋልጧል። በ2017 ያወጣው ሌላ ዘገባ ደግሞ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ መስሎ በቀረበ ፋይል መጠቃታቸውን አሳይቷል። ምንጩ የማይታወቅ ፕሮግራም በር ከፋች ነው። ለሙዚቃ ብለን የድርጅታችንን ደብዳቤና የወዳጆቻችንን ስልክ ቁጥር አሳልፈን አንስጥ።

ማሽኑን አማርኛ ማስተማር

ፕሮግራሙ እንደተከፈተ ሁለት ዓይነት ነገር ይጠብቃችኋል፤ ኦዲዮና ሚዲ። ኦዲዮ የተቀዳ ድምፅ ነው። ሚዲ ግን ድምፅ ሳይሆን ትእዛዝ ነው፤ የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ከ0 እስከ 127 በሚደርስ ቁጥር በምን ያህል ኃይል እንደተነካ ይመዘግባል። በ1983 ይፋ የሆነው ይህ ስምምነት ዛሬም ይሠራል። በሚዲ የተጻፈ ዜማ አንዱን ኖታ አንስቶ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ፣ የፒያኖውን ድምፅ በዋሽንት መቀየር ያስችላል።

ቀጥሎ ምቱ ይመጣል። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ሲከፈቱ በ4/4፣ በደቂቃ 120 ምት ላይ ተዘጋጅተው ነው። ይህ የዲስኮ ልክ ነው። ችክችካን በዚያ ላይ ለማስቀመጥ የሚታገል ጀማሪ ዘፈኑ ለምን እንደሚያነክስ አይገባውም። መጀመሪያ ልኩን ወደ 6/8 ይለውጥ። ከዚያ በፊት ደግሞ በእጁ እያጨበጨበ ጭብጨባውን ይቅዳና ፍጥነቱን ከራሱ ጭብጨባ ይውሰድ። ኳንታይዝ የሚባለው መሣሪያ እያንዳንዱን ምት ጎትቶ መስመር ላይ ያሰልፋል። ሙሉ በሙሉ ከተጠቀምንበት እስክስታው ትከሻ ላይ መድረሱ ይቀርና የወታደር ሰልፍ ይሆናል። ግማሽ ያህል ብቻ መጠቀም ወይም ጨርሶ መተው ይሻላል።

ሦስተኛው ቅኝት ነው። ማሽኑ ሜጀርና ማይነርን ያውቃል፤ አራቱን ቅኝቶቻችንን ግን እኛ እንንገረው። ከዶ ብንነሣ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ትዝታ ማይነር ሚና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። አንቺ ሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። ጀማሪው በየፕሮግራሙ ላይ አምስቱን ኖታዎች ብቻ ምልክት አድርጎ ለአንድ ሳምንት በአንድ ቅኝት ብቻ ይጫወት። ሰባት ኖታ ባለው የፈረንጅ ስምም ላይ ዜማችንን ደርበን ስንጭነው ምን ያህል እንደሚደበዝዝ ያን ጊዜ በጆሮው ይረዳዋል።

ነገር ግን ይህ አጻጻፍ ራሱ ማቃረቢያ ነው። ፒያኖ በሁለት ጎረቤት ቁልፎች መካከል 100 ሴንት የሚባል እኩል ርቀት አለው። ባለ ክራር ግን ክሩን የሚወጥረው በጆሮው ነው፤ ከፒያኖው ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ጣዕሙም እዚያች ጥቂት ቦታ ላይ ነው። አብዛኞቹ ሲንተሳይዘሮች ድምፁን በሴንት ከፍና ዝቅ ማድረጊያ አላቸው። ክራሩን ወደ ማሽኑ ልክ ከመጎተት ማሽኑን ወደ ክራሩ ልክ ማምጣት ይገባል።

መቅዳት፣ መጨረስ፣ ስም መስጠት

ስቱዲዮ አያስፈልግም። ልብስ የሞላ ቁም ሣጥን ፊት ቆሞ፣ ከጀርባ ጋቢ ሰቅሎ መቅዳት የክፍሉን ጩኸት ይቀንሳል። ልኩን 48 ኪሎ ኸርትዝና 24 ቢት ላይ አድርጉ። የድምፅ መለኪያው ቀይ ከነካ የተበላሸውን የሚመልስ የለም፤ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች ከ6 እስከ 12 ዴሲቤል ላይ ቢቆይ ይበቃል። ስታደባልቁ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ስሩ። ሲያልቅ በመኪናና በተራ ስልክ ላይ አዳምጡት፤ ሕዝቡ የሚሰማው በዚያ ነውና።

ከሁሉም በላይ ጨርሱ። ሃያ የተጀመሩ ዘፈኖች አንድ ያለቀ ዘፈን አያክሉም። ሦስት ደቂቃ፣ አንድ ቅኝት፣ አራት ድምፅ ለመጀመሪያ ሥራ በቂ ነው።

የእናታችሁን እንጉርጉሮ ወይም የጎረቤት ባለ ማሲንቆን ድምፅ ከቀዳችሁ ደግሞ አስፈቅዱ፤ ስማቸውንም ጻፉ። የኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው ሌላ ለተጫዋቹም መብት ይሰጣል። አዋጁ ባይኖርም የአዛውንት ድምፅ ቆርጦ ስም ሳይጠሩ መሸጥ ዘረፋ ነው። ዘረፋን በመንግሥት ላይ ስናወግዝ የኖርን ሰዎች በማሲንቆ ላይ ልንፈጽመው አይገባም።

መንገዱ ባዶ አይደለም

ከእኛ በፊት የጀመሩ አሉ። እንደገና ሙሉ "ኢትዮጵያን ሬከርድስ" በሚል ስም የሚሠራውን ሙዚቃ "ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ" ብሎ ሰይሞታል። ሚካኤል ሰይፉ በ2016 "ዘላለም" የተባለ ሥራውን ከአንድ የአሜሪካ አሳታሚ ጋር አውጥቷል። ሮፍናን በ2018 "ነጸብራቅ" በተባለው አልበሙ ይህን ድምፅ ከጥቂት አድማጮች ጆሮ አውጥቶ ለሕዝብ አድርሶታል። ሦስቱም ማሽኑን የተጠቀሙት ከአገራቸው ድምፅ ተነሥተው ነው።

የእኛ ትውልድ ቴፕ ክርና ካሴት በየጓዳው እየሻገተ ነው፤ የካሴቱ ድምፅ በየዓመቱ ይደክማል። የሚያውቁት አዛውንትም እያለፉ ነው። ስለዚህ የጀማሪው የመጀመሪያ ሥራ እዚያው ቤቱ ውስጥ አለ፤ አንዱን ካሴት ወደ ኮምፒውተር ይገልብጥ፣ አንዱን አዛውንት ይቅዳ፣ ከዚያ ላይ አንድ ምት ይጨምር። በሚቀጥለው ስብሰባችን መክፈቻ ላይ ይህ ትውልድ ራሱ ያቀናበረውን አንድ ዘፈን ብንሰማ ለእኛ ከብዙ መግለጫ ይበልጣል።

ቸር እንሰንብት።