ያውቁ ኖሯል?

በብሪታንያ ባለትዳሮች፣ አንዱ ያልተጠቀመበትን ከግብር ነፃ የገቢ መጠን በከፊል ለሌላው ማስተላለፍ ይችላሉ።

በአገሪቱ አብዛኛው ሰው በዓመት እስከ 12,570 ፓውንድ ለሚያገኘው ገቢ ግብር አይከፍልም። እርስዎ ሕፃን ታቅፈው ቤት ቢውሉ ወይም በሳምንት ሁለት ጠዋት ብቻ ቢሠሩ፣ ከዚሁ ላይ 1,260 ፓውንዱን ለባለቤትዎ ያስተላልፋሉ። የባለቤትዎ ግብር በዓመት እስከ 252 ፓውንድ ይቀንሳል፤ ለአንድ ቤተሰብ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ባለቤትዎ በከፍተኛው ተመን የሚከፍሉ ከሆነ ግን አይፈቀድም። ሳይጋቡ አብሮ መኖርም አይበቃም።

አሠራሩ የተጀመረው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ብዙውን ጊዜ ማመልከቻውን የሚያስገባው ገቢው አነስ ያለው ወገን ነው። መብቱ ከነበርዎት ያለፉት አራት ዓመታትም ይታሰቡልዎታል። በመንግሥት ድረ ገጽ ማመልከት በነፃ ነውና ለአስፈጻሚ አይክፈሉ።