ውሃው ጥርት እያለ ዓሣው ስለ ምን ይሞታል?

አበው «ነገርን ከሥሩ ፤ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ከምንጭ ለሚቀዳ ሰው ይህ በቂ ምክር ነው። በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ዓሣ ለሚያኖር ሰው ግን የውሃው መጥራት ብቻውን ማስረጃ አይሆነውም። የገንዳ ውሃ ኩልል ብሎ እየታየ በውስጡ ያሉትን ዓሦች በሁለትና በሦስት ቀን ሊፈጃቸው ይችላል። ምክንያቱም ዓሣን የሚገድለው ነገር በዓይን የማይታይ ፤ መጠኑም ትንሽ ሲሆን በአፍንጫ የማይለይ ስለ ሆነ ነው።

ለቤቱ ጌጥ እንዲሆነው የዓሣ ገንዳ ለመግዛት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚያየው የዓሦቹን መልክ ነው ፤ ቀጥሎም የመስተዋቱን ስፋት ይመርጣል ፤ ማጣሪያውን ግን በተረፈችው ገንዘብ ይገዛል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል የዚህ ተቃራኒ ነው። በተለይም ብዙ ዓሣ ለማኖር የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ማጣሪያውን ነው።

መርዙ ከየት ይመጣል?

ዓሣ ከበላው ምግብ የሚተርፈውን ናይትሮጂን በአሞንያ መልክ ፤ አብዛኛውንም በስንጥቡ በኩል ፤ ወደ ውሃው ያስወጣዋል። ሳይበላ የቀረ ምግብና የበሰበሰ ቅጠልም ይኸንኑ አሞንያ ይጨምራሉ። በሐይቅ ወይም በወንዝ ያለ ዓሣ በዚህ አይጎዳም ፤ ውሃው ሰፊ ነውና። በ200 ሊትር ውሃ ውስጥ ሠላሳ ዓሣ ሲከማች ግን እያንዳንዱ ዓሣ የሚውለውና የሚያድረው በራሱና በጎረቤቱ እዳሪ ውስጥ ነው።

የአሞንያው ጉዳት እንደ ውሃው ጠባይ ይለያያል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ፤ የፒ ኤች ልኩ 7 በሆነ ውሃ ውስጥ ከጠቅላላው አሞንያ መርዛማ የሆነው ክፍል ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ልኩ 8 የሆነ እንደ ሆነ ግን ከመቶ አምስት እጅ በላይ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ማጣሪያ በአንዱ ቤት ሲበቃ በሌላው ቤት ላይበቃ ይችላል።

የሊቃውንት ምርመራ

በለንደን ይኖር የነበረው የኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ዋሪንግተን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1850 ባሳተመው ጽሑፍ ፤ ሁለት ትናንሽ ወርቃማ ዓሦችን ከውሃ ተክልና ከቀንድ አውጣ ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ ውሃውን ሳይለውጥ ማኖር እንደሚቻል ገለጸ። ተክሉ ለዓሦቹ ኦክሲጂን ሲሰጥ ቀንድ አውጣዎቹ የበሰበሰውን ቅጠል ይበሉ ነበር። ከዚህ የተነሣ «ተክል ካለ ማጣሪያ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ነገር ግን የዋሪንግተን ዓሦች ሁለት ብቻ እንደ ነበሩ መዘንጋት አይገባም።

ለባለ ብዙ ዓሣው የሚጠቅመውን ነገር ያገኙት ሌሎች ናቸው። በ1877 ቴዎፊል ሽሎዚንግና አሺል ሙንትስ የተባሉ ፈረንሳውያን ፤ እዳሪ ያለበትን ውሃ አሸዋና ኖራ ድንጋይ በተሞላ ቱቦ ውስጥ ቀስ እያለ እንዲወርድ አደረጉ። እስከ ሃያ ቀን ያህል ለውጥ አልታየም። ከዚያ በኋላ ግን አሞንያው ወደ ናይትሬት ይለወጥ ጀመር። በቱቦው ውስጥ ክሎሮፎርም በጨመሩ ጊዜ ሥራው ቆመ። ስለዚህ ይህን የሚሠራው አሸዋው ሳይሆን በአሸዋው ላይ የሚኖር ሕይወት ያለው ነገር መሆኑ ታወቀ። በ1890ም ሩሲያዊው ሊቅ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ አወጣቸው።

የዛሬው የገንዳ ማጣሪያ ዋና ሥራም ከዚያ የአሸዋ ቱቦ ሥራ የተለየ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ባክቴሪያዎች አሞንያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም ራሱ የዓሣውን ደም ኦክሲጂን እንዳይሸከም የሚያደርግ መርዝ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንስ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እንግዲህ ማጣሪያ ማለት ቆሻሻ መያዣ ወንፊት ብቻ አይደለም ፤ የእነዚህ ረቂቃን ሠራተኞች ቤት ነው። ቤቱ ከጠበበ ሠራተኛው ያንሳል ፤ ሠራተኛው ካነሰም መርዙ ይተርፋል።

ልኩን ማወቅ

በመጀመሪያ የገንዳውን መጠን ማወቅ ያስፈልጋል። ርዝመቱ 100 ፤ ወርዱ 40 ፤ ከፍታው 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ሦስቱ ቁጥሮች ተባዝተው ለ1000 ሲካፈሉ 200 ሊትር ይሆናል። ዓሣ ለበዛበት ገንዳ በልማድ የሚሰጠው ምክር ውሃው በሰዓት ከአራት እስከ አምስት ጊዜ በማጣሪያው ውስጥ እንዲያልፍ ነው። ይኸውም ለዚህ ገንዳ በሰዓት ከ800 እስከ 1000 ሊትር ማለት ነው።

ነገር ግን በካርቶኑ ላይ የታተመው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ማጣሪያው ባዶ ሆኖ የተለካበት ነው። ስፖንጁና ጠጠሩ ገብቶበት ጥቂት ቆሻሻ ሲይዝ ፍጥነቱ ይቀንሳል። እውነተኛውን ለማወቅ ከመውጫው ጎማ ሥር 10 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ማስቀመጥና ሰዓት መመልከት ይበቃል። ባልዲው በ45 ሴኮንድ ከሞላ ማጣሪያው በሰዓት 800 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። አንድ ደቂቃ ተኩል ከፈጀበት ግን 400 ብቻ ነው።

ፍጥነቱ ብቻውን ግን አይበቃም። ፓምፑ ኀይለኛ ፤ ስፖንጁ ግን ቡጢ የሚያህል የሆነ ማጣሪያ ዓሣውን ከማንገላታት በቀር የሚጠቅመው ጥቂት ነው። ስለዚህ ገዢው ሻጩን «በሰዓት ስንት ሊትር?» ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ ፤ «በውስጡ ስፖንጅና ጠጠር ምን ያህል ይይዛል?» ብሎም መጠየቅ ይገባዋል።

የትኛው ይሻላል?

በአየር ፓምፕ የሚሠራው ስፖንጅ ርካሽና የማያስቸግር ነው ፤ ለትንሽ ገንዳና ለጫጩት ዓሦች ይበቃል። በገንዳው ውስጥ የሚጠልቀውና በጠርዙ ላይ የሚንጠለጠለው ማጣሪያ ለመካከለኛ ገንዳ ይስማማሉ። ዓሣ ለበዛበት ትልቅ ገንዳ ግን ከገንዳው ውጭ ተቀምጦ በጎማ የሚገናኘው ባለ ጣሳ ማጣሪያ ብዙ ስፖንጅና ጠጠር ስለሚይዝ ተመራጭ ነው። በውስጡም ውሃው መጀመሪያ ቆሻሻ በሚይዘው ስፖንጅ ፤ ቀጥሎ በባክቴሪያዎቹ ቤት በኩል እንዲያልፍ ሆኖ ይደረደራል። ለማጣሪያ የተዘጋጀ ከሰል የውሃን ቀለምና የመድኀኒት ትራፊ ይወስዳል እንጂ አሞንያን አያስወግድም።

ከአንድ ትልቅ ማጣሪያ ይልቅ ሁለት መካከለኛ ፤ ወይም አንድ ባለ ጣሳና አንድ ባለ አየር ስፖንጅ መያዝ ብልህነት ነው። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሠራል ፤ አንዱ ሲታጠብም የሌላው ባክቴሪያ ሳይነካ ይቆያል።

ለደጋ አገር የሚያስፈልግ ጥንቃቄ

በባሕር ጠረፍ ላሉ ከተሞች የተጻፈ መመሪያ እንዳለ ለአዲስ አበባ አይሆንም። በ25 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ጠረፍ አንድ ሊትር ውሃ ከአየር የሚቀበለው ኦክሲጂን ከ8 ሚሊ ግራም ጥቂት ያልፋል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት በጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከዚህም የተነሣ ውሃው የሚይዘው ኦክሲጂን ወደ 6 ሚሊ ግራም ይወርዳል። በዚህችው ላይ ዓሦቹም ባክቴሪያዎቹም ይሻማሉ። አንድ ግራም የአሞንያ ናይትሮጂን ወደ ናይትሬት ለመለወጥ ባክቴሪያዎቹ ከ4 ግራም በላይ ኦክሲጂን ይፈጃሉ። ስለዚህ የማጣሪያው መውጫ የውሃውን ገጽ የሚያናውጥ ፤ ወይም የአየር ፓምፕ የተጨመረበት ሊሆን ይገባል።

መብራት የጠፋ እንደ ሆነም ነገሩ ይከብዳል። በተዘጋው ጣሳ ውስጥ ያለው ውሃ ቆሞ ሲቀር ባክቴሪያዎቹ ኦክሲጂኑን ይጨርሱትና ይሞታሉ ፤ ውሃውም ይበላሻል። መብራቱ ከብዙ ሰዓት በኋላ ሲመለስ ያ የተበላሸ ውሃ በቀጥታ ወደ ዓሦቹ ይገፋል። ባለ ገንዳው ሶኬቱን ነቅሎ ፤ ጣሳውን ከፍቶና አለቅልቆ እንደገና ማስነሣት ይኖርበታል። መብራት በጠፋበት ጊዜም ምግብ አይሰጥም። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ በቤት ማኖር ብዙ ዓሣ ያድናል።

አያያዙ

ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ ማጠብ ታላቅ ጥፋት ነው። የቧንቧ ውሃ ጀርም እንዲገድል ክሎሪን የተጨመረበት ሲሆን ክሎሪኑም ጠቃሚውን ባክቴሪያ ከጎጂው አይለይም። ስፖንጁ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ በባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ ይታጠባል እንጂ እስኪነጣ አይፈተግም።

የመጨረሻውን ናይትሬት ግን ይህ ማጣሪያ አያስወጣውም። በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን ፤ ማለት ከ200 ሊትር 50 ሊትሩን ፤ ክሎሪኑ በወጣለት ውሃ መለወጥ የማጣሪያው ሥራ ማሟያ ነው።

አዲስ ማጣሪያ ደግሞ በተገዛበት ቀን ገና ባዶ ቤት ነው። ፈረንሳውያኑ ሃያ ቀን እንደ ጠበቁ ባለ ገንዳውም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መታገሥ ይገባዋል። በዚህ ጊዜ ጥቂት ዓሣ ብቻ አስገብቶ ፤ ትንሽ እየመገበ ፤ አሞንያውንና ናይትራይቱን በመመርመሪያ ጠብታ እየለካ ይቈያል። ሁለቱም ባዶ ሆነው ሲገኙ ጥቂት ጥቂት ዓሣ ይጨምራል ፤ ከእያንዳንዱ ጭማሪ በኋላም እንደገና ይለካል። ልኬቱ ከባዶ ከፍ ካለ ዓሣ መጨመሩን ያቆማል ፤ የገንዳው ልክ የሚታወቀው በመስተዋቱ ስፋት ሳይሆን በዚሁ ነውና።